ከባድ የሚመስሉ የሳይንስ ቃላትን እንዴት እንረዳ? ከላብራቶሪ ወረቀት እስከ ጓያ ማሳ

ከጤና ጣቢያ የተሰጠ የላብራቶሪ ወረቀት፣ የማዳበሪያ ጆንያ ላይ የተጻፈ ቁጥር፣ ሬዲዮ ላይ የሚወራው ኤልኒኖ፣ ልማት ሰራተኛው ስብሰባ ላይ የሚያነሳው ፒኤች ምናምን... እነዚህ ቃላት ድሮ ክፍል ውስጥ ተምረናቸው የምንረሳቸው ነበሩ፣ አሁን ግን ቤታችን ድረስ ገብተዋል። እዚህ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ደብረ ብርሃንም ሁኑ መሀል ሜዳ፣ ሸዋሮቢትም ሁኑ እነዋሪ ሳታገኟቸው አትውሉም። ብዙ ሰው ታዲያ ቃሉ ሲከብደው ወይ ይደነግጣል ወይ እንዳልሰማ ያልፈዋል፣ ሁለቱም ጥሩ አይደለም።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ቃሉ ገባኝ የሚባለው ትርጉሙን ስለሸመደድነው ሳይሆን ቃሉን ከሰማን በኋላ ምን እንደምናደርግ ስናውቅ ነው። ቫይረስ ነው ስትባሉ እና ባክቴሪያ ነው ስትባሉ የምታደርጉት አንድ ዓይነት ከሆነ ቃሉ ገና አልገባችሁም ማለት ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ከባድ ቃል ስትሰሙ "እሺ፣ ታዲያ ምን ላድርግ?" ብላችሁ ጠይቁ።

መጀመሪያ ቃሉ የምን ስም እንደሆነ ለዩ። የበሽታው ነው? በሽታውን የሚያመጣው ተህዋስ ነው? የሚያስተላልፈው ነው? ወይስ የምርመራው ስም ነው? ወባን እንይ። ወባ በሽታው ነው፣ ፕላስሞዲየም በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ተህዋስ ነው፣ አኖፊለስ ደግሞ እሱን ከሰው ሰው የምታደርሰው ትንኝ ናት። አጎበር ለትንኟ ነው፣ ክኒኑ ለፕላስሞዲየሙ ነው፣ ይሄን የለየ ሰው ክኒን ስለዋጠ አጎበሩን አያወርድም። ሸዋሮቢት፣ አጣዬ፣ ባጠቃላይ ቆላው በኩል ያላችሁ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ፒኤፍ ወይ ፒቪ የሚል ታያላችሁ። ፒኤፍ ፋልሲፓረም የሚባለው ነው፣ ጭንቅላትና ኩላሊት ላይ ወጥቶ በፍጥነት ሰው የሚገድለው በብዛት እሱ ስለሆነ ነገ እሄዳለሁ የሚባል ነገር የለውም። ፒቪ ቫይቫክስ ነው፣ እሱ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይቀርና ከሳምንታት ወይ ከወራት በኋላ ትንኝ ሳትነክሳችሁ ራሱ እንደገና ይነሳል። ለዛ ነው ለፒቪ ደም ውስጥ ያለውን ከሚገድለው ክሎሮኪን ሌላ ጉበት ውስጥ ያለውን የሚያጠፋ ፕሪማኪን የሚባል ክኒን ለብዙ ቀን የሚታዘዘው። ትኩሳቱ ለቀቀኝ ብሎ ፕሪማኪኑን ያቋረጠ ሰው ወባው ሲመለስበት "መድኃኒቱ አይሰራም" ይላል፣ መድኃኒቱማ ይሰራል፣ ግን ጉበት ውስጥ ያለው ገና አልሞተም ነበር። ነፍሰ ጡር ፕሪማኪን ስለማትወስድ እርግዝና ካለ ቀድሞ መናገር ነው።

ቀጥሎ ተህዋሱ ከየትኛው ወገን ነው? ባክቴሪያ፣ ቫይረስ፣ ፈንገስ፣ ጥገኛ ተህዋስ፣ በብዛት የምንሰማቸው እነዚህ አራቱ ናቸው። ባክቴሪያ ራሱን ችሎ የሚኖር ባለ አንድ ሴል ፍጥረት ነው። ቫይረስ ሴልም የለውም፣ የኛ ሴል ውስጥ ካልገባ መራባት አይችልም። አሞክሳሲሊን የሚሰራው የባክቴሪያውን ግድግዳ በማበላሸት ነው፣ ቫይረስ ደግሞ እንደዛ ያለ ግድግዳ የለውም፣ ታዲያ ምኑን ይመታል? ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ አፍንጫው የፈሰሰ ሁሉ ፋርማሲ ሄዶ አሞክሳሲሊን ስጡኝ ማለቱ ምንም አይጠቅመውም፣ እንዲያውም ይጎዳዋል። እንዴት ካላችሁ፣ "ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው" ሲባል ትሰማላችሁ አይደል፣ የሚለምደው ሰውነታችን አይደለም፣ ባክቴሪያው ነው። መድኃኒት ያለ ቦታው በተወሰደ ቁጥር ወይ መሀል ላይ በተቋረጠ ቁጥር ደካሞቹ ይሞቱና ጠንካሮቹ ተርፈው ይራባሉ፣ እነሱ ደግሞ ወደ ልጃችሁም ወደ ጎረቤትም ይተላለፋሉ፣ ያ ልጅ በሕይወቱ አንድ ክኒን ባይውጥ እንኳ መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ ሊይዘው ይችላል። ፔኒሲሊንን በአውሮፓውያኑ 1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 ኖቤል ሲሸለም ይሄንኑ አስጠንቅቆ ነበር። እኔ ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል፣ እትዬም ጋሼም ትርፍ ክኒን ከመሳቢያ አውጥተው ለታመመ ልጅ ሲሰጡ ደግነት ይመስላቸዋልና ሳታሳፍሯቸው በቀስታ አስረዷቸው።

ፈንገስ ሲባል ደግሞ ሰው ላይ ጭርትን አስቡ፣ ማሳ ላይ ዋግን አስቡ። የስንዴ ቢጫ ዋግ ፈንገስ ነው፣ ዱቄት የሚመስለው ብናኙ በነፋስ ከሩቅ ይመጣል፣ ብርድና እርጥበት ሲያገኝ ይባዛል፣ በአውሮፓውያኑ 2010 አገሪቷን ሙሉ የስንዴ ገበሬ ያስለቀሰው እሱ ነው። ባቄላ ላይ የሚወጣውና ቆርምድ የምንለውም ከዚሁ ከፈንገስ ወገን ነው። ታዲያ ምን ላድርግ? የምትገዙት ፀረ ፈንገስ እንጂ ነፍሳት የሚገድለውን ፀረ ተባይ አይደለም፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ ወይ አስነብቡ፣ የትል መድኃኒት ዋግ ላይ መርጨት ብር ማፍሰስ ነው።

ረጅም ቃል ሲገጥማችሁ ሰብሩት። የሕክምና ቃላት አብዛኞቹ ከግሪክና ከላቲን ቁርጥራጭ የተገጣጠሙ ናቸው፣ ቁርጥራጮቹ ደግሞ ብዙ አይደሉም፣ ጥቂቱን ካወቃችሁ ሰምታችሁ የማታውቁትንም ትገምቱታላችሁ። ሃይፐር ከፍ ያለ፣ ሃይፖ ዝቅ ያለ፣ አንቲ ፀረ፣ ካርዲዮ ልብ፣ ሄፓ ጉበት፣ ኔፍሮ ኩላሊት፣ ደርማ ቆዳ፣ ኒውሮ ነርቭ፣ መጨረሻው ላይ አይቲስ ካለ መቆጣት ወይ ማበጥ ነው፣ ኤሚያ ካለ የደም ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሄፓታይቲስ የጉበት መቆጣት፣ ጋስትራይቲስ የጨጓራ መቆጣት፣ ሃይፖግላይሴሚያ የደም ስኳር መውረድ። ግን ልብ በሉ፣ አይቲስ ምን እንደተቆጣ ነው የሚነግራችሁ፣ ለምን እንደተቆጣ አይነግራችሁም። ጋስትራይቲስ የተባለ ሰው ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት "ከምን መጣ?" ነው፣ ኤች ፓይሎሪ ከሚባለው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፣ ለራስ ምታትና ለወገብ ከሚዋጡ ማስታገሻዎች ሊሆን ይችላል፣ ሕክምናው ይለያያል። ባክቴሪያ ጨጓራ ውስጥ ይኖራል ሲባል መጀመሪያ ብዙ ሐኪም አላመነም ነበር፣ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የሚባሉ አውስትራሊያውያን ናቸው ያረጋገጡት፣ በአውሮፓውያኑ 2005 ኖቤል አሸልሟቸዋል።

ቃል መስበርን ለመለማመድ ለኛ አካባቢ ሰው ከጓያ የተሻለ ምሳሌ የለም። ጓያን የሳይንሱ ሰዎች ላቲረስ ሳቲቨስ ይሉታል። እንደዚህ ባለ ሁለት ቃል ስም የመጀመሪያው የወገኑ ስም ነው፣ ሁለተኛው የራሱ መለያ ነው፣ ይሄን አሰያየም ሊኒየስ የተባለው ስዊድናዊ ለዕፅዋት በአውሮፓውያኑ 1753 ነው ያጸናው። ሳቲቨስ ማለት የሚዘራ፣ የሚታረስ ማለት ነው። አሁን ኒውሮላቲሪዝም የሚባል በሽታ ብትሰሙ ራሳችሁ ትፈቱታላችሁ፣ ኒውሮ ነርቭ፣ ላቲር ጓያ፣ በቃ ጓያ የሚያመጣው የነርቭ ጉዳት ነው። እነዋሪ፣ እንሳሮ፣ መርሐቤቴ ያሉ ሽማግሌዎች ጓያ የሰበረው ሰው ሲሉ የሚያወሩት ይሄንኑ ነው። ጓያ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል ነርቭ የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለ። ሰው አንዳንዴ ከሌላ እህል ጋር ቢበላው ችግር የለውም፣ አደጋው ድርቅ ሲመጣ ነው፣ ጓያ ድርቅን ስለሚችል ሌላው ሲጠፋ እሱ ብቻ ይቀራል፣ ሰውም ለወራት ዋና ምግቡ ያደርገዋል፣ ያኔ ከወገብ በታች እግር ይገታተራል፣ አንዴ ከመጣ ደግሞ አይድንም። አንዳንድ ቦታ በማሳው መሀል ማለፍ ወይ እንፋሎቱ ይሰብራል ይባላል፣ የሚሰብረውስ ለረጅም ጊዜ መብላቱ ነው። ስለዚህ ምን ላድርግ ለሚል፣ ጓያን ብቻውን ዋና ምግብ አለማድረግ፣ ከጤፍ ወይ ከገብስ ጋር መቀላቀል፣ በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ መርዙ በውሃ ስለሚወጣ ይቀንሳል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይጠፋም።

የሚመሳሰሉ ስሞችም አሉ፣ ሰው የሚያሳስቱ። ታይፎይድና ታይፈስ አንድ አይደሉም። ታይፎይድ በተበከለ ውሃና ምግብ የሚመጣ ነው፣ መከላከያው እጅ መታጠብና ውሃ ማከም ነው። በወረርሽኝ የሚታወቀው ታይፈስ ግን በልብስ ቅማል ነው የሚተላለፈው፣ መከላከያው ልብስ መቀቀልና ገላ መታጠብ ነው፣ እንደ መንዝ ባለ ብርድ አገር ልብስ ደራርቦ በሚለበስበት ይሄን ማወቅ ይጠቅማል። ሁለቱም ባክቴሪያ ናቸው ግን የተለያዩ ናቸው፣ መድኃኒታቸውም ይለያል። የታይፎይዱ ውጤት ላይ ደግሞ 1 ለ 80፣ 1 ለ 160 የሚል ቁጥር ይጻፋል፣ ሰው 160 ሲያይ "ከፍ ብሎብኛል" ብሎ ይጨነቃል። ቁጥሩ የጀርሙ ብዛት አይደለም። የደሙን ውሃ ጠላ በውሃ እንደማቅጠን በተደጋጋሚ እያቀጠኑ እስከምን ድረስ ቀጥኖ ሰውነት ጀርሙን የተዋጋበትን ምልክት እንደሚያሳይ ነው የሚለኩት። ያ ምልክት ደግሞ ድሮ ታማችሁ ከዳናችሁበት ወይ ከሌላ ባክቴሪያ የቀረ ሊሆን ስለሚችል ያ አንድ ወረቀት ብቻውን ታይፎይድ አለባችሁ አያሰኝም። ትኩሳቱ ከበድ ያለ ከሆነ "የደም ካልቸር ማሰራት ይቻላል?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ካልቸር ማለት ደሙ ውስጥ ባክቴሪያ ካለ አሳድጎ የሚያሳይ ምርመራ ነው፣ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ቁጥር ላይ ስንመጣ ሁሌ ሦስት ነገር አብራችሁ እዩ፣ ቁጥሩን፣ መለኪያውን፣ ጎን ላይ ያለውን የኖርማል ክልል። የደም ስኳር ሳይበላ ተለክቶ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር እና ከዛ በላይ በድጋሚ ምርመራም ከተገኘ ስኳር በሽታ ይባላል። አንዳንድ ማሽን ግን በሚሊሞል ነው የሚያወጣው፣ እዛ ላይ 7 የሚል ብታዩ ትንሽ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ 7 ሚሊሞል ማለት ያው 126 ነው። ግፊት 120 በ80 ሲባል የላይኛው ልብ ደም ሲገፋ ያለው ነው፣ የታችኛው ልብ ሲያርፍ ያለው ነው፣ በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይ ከዛ በላይ ከሆነ ደም ግፊት ነው። ዳገት ወጥታችሁ እያለከለካችሁ ወይ ቡና እንደጠጣችሁ የተለካ ልክ አይደለም፣ ትንሽ አርፋችሁ አስለኩ።

የኖርማል ክልል የሚባለውም ቢሆን ከሰማይ የወረደ አይደለም፣ ጤነኛ ሰዎች ተለክተው የወጣ ነው፣ እነማን ተለክተው የሚለው ደግሞ ወሳኝ ነው። ሄሞግሎቢን በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነው፣ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የሰው ሄሞግሎቢን ይጨምራል ተብሎ ነው የሚታወቀው፣ የደቡብ አሜሪካ ተራሮች ላይ ያሉት ሰዎች በእርግጥም ከፍ ያለ ነው ያላቸው። ሲንቲያ ቢል የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ ግን በሰሜን ተራሮች 3500 ሜትር አካባቢ የሚኖሩ አማሮችን ለክተው በአውሮፓውያኑ 2002 ባሳተሙት ጥናት የነዚህ ሰዎች ሄሞግሎቢን ባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ሆኖ ነው ያገኙት። ይሄ ለኔ በጣም ነው የሚደንቀኝ፣ ደብረ ብርሃን ወደ 2800 ሜትር ላይ ናት፣ መንዝ ከዛም ይወጣል፣ ስለኛ ጉዳይ ነው የሚያወራው። አዋቂ ወንድ ከ13፣ ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት ከ12 ግራም በዴሲሊትር በታች ከሆኑ የደም ማነስ ይባላል፣ ከፍታ ላይ መኖራችሁን ለሐኪሙ ብትነግሩት ቁጥሩን በዛ ልክ ያየዋል።

የማዳበሪያ ጆንያም ቁጥር አለው። ዩሪያ 46 ማለት ከ100 ኪሎው 46ቱ ናይትሮጅን ነው፣ 50 ኪሎ ጆንያ ውስጥ 23 ኪሎ አለ። ኤንፒኤስ ሦስት ነገር ይዟል፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ድኝ፣ ፎስፈረሱ ስለሚበዛ ሲዘራ ነው የሚሰጠው፣ ዩሪያው ቡቃያው ላይ ይጨመራል። ፒኤች ደግሞ የአሲድነት መለኪያ ነው፣ 7 መሀሉ ነው፣ ሲወርድ አሲዳማ ነው፣ ግን እያንዳንዷ አንድ ቁጥር 10 እጥፍ ናት፣ ስለዚህ ፒኤች 5 የሆነ አፈር ከ6ቱ 10 እጥፍ አሲዳማ ነው። አፈሩ ከ5.5 በታች ከወረደ ማዳበሪያ ብትጨምሩም ገብሱ በደንብ አይወስደውም፣ መጀመሪያ ኖራ ነው የሚያስፈልገው።

አጣዳፊና ክሮኒክ የሚሉትን ደግሞ ሰው ከክብደት ጋር ያምታታቸዋል። አጣዳፊ ማለት በድንገት የጀመረ ማለት ነው፣ ክሮኒክ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ። ጉንፋን አጣዳፊ ነው ግን ቀላል ነው፣ ግፊት ክሮኒክ ነው፣ ሳያምም ይገድላል። አተት የምንለው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ነው፣ እሱ ግን በእርግጥም ሰዓት አይሰጥም፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን እያጠጡ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ኢንደሚክ የሚለው ቃል ሁለት ቦታ ሁለት ነገር ነው። በበሽታ ሲሆን በአንድ አካባቢ ሁሌ የማይጠፋ ማለት ነው፣ ከወትሮው ሲበዛ ወረርሽኝ ይሆናል። በእንስሳና በዕፅዋት ሲሆን ግን ከዛ ቦታ በስተቀር ሌላ የትም የሌለ፣ ብርቅዬ የምንለው ነው። መንዝ ጓሳ ላይ ያሉት ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይገኙም። አንኮበር ላይ በአውሮፓውያኑ 1976 የተገኘች ትንሽ ወፍ አለች፣ የሳይንስ ስሟ መጨረሻ ላይ አንኮበሬንሲስ ይላል፣ ኤንሲስ ማለት የዚያ አገር ማለት ነው፣ የቀይ ቀበሮውም ሲሜንሲስ የሚለው ከሰሜን ተራሮች ነው። ለአቅመ መራባት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች በዓለም 500 አይሞሉም፣ ስለዚህ "ለአደጋ የተጋለጠ" ሲባል እንዲህ ያለ ነው። ምን ላድርግ ካላችሁ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሻ ነው ወደነሱ የሚገባው፣ ጓሳ አጠገብ ያላችሁ ውሻችሁን አስከትቡ፣ ለናንተም ለልጆቻችሁም ነው።

መጤ እና ወራሪም ይለያያሉ። ባሕር ዛፍ መጤ ነው፣ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ፣ ግን የተተከለበት ነው የሚገኘው፣ ደብረ ብርሃንም ስንት ቤት በሱ ይተዳደራል። የቅንጬ አረም ግን መጤም ወራሪም ነው፣ ማንም ሳይተክለው መንገዱን ማሳውን ይይዛል፣ ሳያብብ በፊት ነው የሚነቀለው፣ ቆዳ ስለሚያሳክክ በባዶ እጅ አትንኩት።

የመጨረሻው የአየሩ ነገር ነው። የአየር ሁኔታ የዛሬና የዚህ ሳምንት ነው፣ የአየር ንብረት ብዙውን ጊዜ የ30 ዓመት አማካይ ነው። ዘንድሮ ውርጭ በዛ ማለት የዓለም ሙቀት ጨመረ የሚባለው ውሸት ነው ማለት አይደለም፣ አንዱ ዓመት ሌላ ነው ሠላሳው ሌላ ነው። ኤልኒኖ ደግሞ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ውሃው ከወትሮው ሲሞቅ የሚፈጠር ነው፣ ያን ያህል ርቆ የኛን ክረምት ያሳንሳል፣ በአውሮፓውያኑ 2015 ያየነው ድርቅ ከሱ ጋር የተያያዘ ነው። እና ከበልግ በፊት ትንበያ ስትሰሙ "ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ" ቢሉ ዝናብ የለም ማለት አይደለም፣ ዝናቡ 45 በመቶ ይቀንሳል ማለትም አይደለም። ሦስት ዕድል ነው ያለው፣ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች፣ በዘፈቀደ ቢሆን እያንዳንዳቸው 33 በመቶ ይደርሳቸው ነበር፣ 45 ሲሉ ወደ ድርቁ ያጋደለ ነው ማለታቸው ነው፣ የቀረው 55 ግን አሁንም አለ። እንዲህ ያለ ትንበያ የሰማ የበልግ ገበሬ መዝራቱን አይተውም፣ ግን ማሳውን ሁሉ ዘግይቶ በሚደርስ ዘር አይሸፍንም፣ ከፊሉን ቶሎ የሚደርሰውን ገብስ ያደርገዋል፣ ጭዱንም ሳይሸጥ ያቆያል።